ከእጅ ወደ እጅ፦ ወላጅንና ልጅን በታላላቅ ድርሰቶች ውስጥ እንዴት እንዳነበብሁ

ስለ ወላጅና ልጅ የሚናገሩ ታላላቅ ድርሰቶችን አሰልፎ ለማንበብ የሚነሣ ሰው የመጻሕፍት እጥረት አያሳስበውም። ከግሪኮች ጥንታዊ ግጥሞች እስከ ሩሲያውያን ልብ ወለዶች፣ ከፋርሱ «ሻህናሜህ» እስከ «ክብረ ነገሥት» ድረስ ቤተሰብ ያልገባበት ድርሰት ፈልጎ ማግኘት ነው አስቸጋሪው። ትልቁ ጥያቄ ምን እየፈለጉ ማንበብ እንደሚገባ መወሰን ነው። «የወላጅ ፍቅር»፣ «የትውልድ ግጭት»፣ «የአባት ሥልጣን» የሚሉት የተለመዱ ርእሶች ሁሉንም ድርሰት ያለ ልዩነት ስለሚያቅፉ፣ በእነርሱ የተመራ ንባብ ስለ ሊር የተባለውን ስለ ጎሪዮ፣ ስለ ጎሪዮ የተባለውንም ስለ ባዛሮቭ አባት በመድገም ያልቃል (ሦስቱም ከዚህ በታች የማነሣቸው የድርሰት አባቶች ናቸው)። ስለዚህ እኔ በዐይን የሚታይና በእርሳስ ሊሰመርበት የሚችል ነገር መረጥሁ፤ ይኸውም በወላጅና በልጅ መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ነገር ነው፦ ገንዘብ፣ መሬት፣ ቀለበት፣ ምግብ፣ ቃል ኪዳን፣ አንዳንድ ጊዜም ልጁ ራሱ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። እያንዳንዱን ድርሰት መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አንባቢ ታሪኩን ብቻ ተከትዬ አነብባለሁ፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልጽፍም። በሁለተኛው ንባብ በደብተሬ ላይ አራት ዓምዶች አሰምርና ማን እንደ ሰጠ፣ ማን እንደ ተቀበለ፣ የተሰጠው ምን እንደሆነ፣ ሲሰጥም ማን ቆሞ ያይ እንደ ነበር እመዘግባለሁ። ከዓምዶቹ አጠገብ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እሥላለሁ፤ በሐረጉ ውስጥ የሞቱትም፣ ጥለው የሄዱትም፣ ደራሲው አንድ ጊዜ ብቻ ያነሣቸውም ይገባሉ። አራተኛውን ዓምድ፣ ማለትም የተመልካቹን፣ ያስገባሁት ዝርዝሩን ለማሟላት ያህል ነበር፤ ከሁሉም የበለጠ የሠራልኝ ግን እርሱ ሆነ፤ ምክንያቱም በሰው ፊት የተሰጠ ነገርና በስውር የተሰጠ ነገር በድርሰት ውስጥ አንድ ዓይነት ፍጻሜ የላቸውም። የንባቡን ቅደም ተከተል በዘመን ማድረጉን ትቼ፣ የሚተላለፈው ነገር የሚመሳሰልባቸውን ድርሰቶች እያጣመርሁ አነበብሁ።

የመጀመሪያው ጥምር የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» እና ባልዛክ እ.ኤ.አ. በ1835 በመጽሐፍ ያወጣው «አባባ ጎሪዮ» ነው። ሊር መንግሥቱን ለሦስት ሴቶች ልጆቹ ሲያከፋፍል፣ አብልጣ የምትወደው ማን እንደሆነች አስቀድመው በአደባባይ እንዲናገሩ ይጠይቃቸዋል። በዓምዶቼ ላይ ይህ ትዕይንት ሲሰፍር የተሰጠው መሬት፣ የተመለሰው ንግግር፣ ተመልካቹም መላው ቤተ መንግሥት ሆነ። ኮርዴሊያ የምትለው ምንም ነገር እንደሌላት ስትናገር ብዙ አንባቢ የልቧን ንጽሕና ያያል፤ እኔን ያስደነቀኝ ግን ቀጥላ የምታቀርበው ክርክር ነው። እኅቶቿ ፍቅራቸው በሙሉ የአባታቸው ከሆነ ባል ለምን አገቡ? እርሷ ስታገባ የፍቅሯና የተግባሯ ግማሽ ከባሏ ጋር እንደሚሄድ በግልጽ ትናገራለች። በመድረኩ ላይ ካሉት ሁሉ በትክክል የምትቆጥረው ይህች ልጅ ናት፤ አባቷን ያስቆጣውም የሒሳቡ እውነትነት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ተውኔቱ በቁጥር ይሄዳል። ሊር ለራሱ ያስቀረው በየወሩ ከአንደኛዋ ልጁ ቤት ወደ ሁለተኛዋ ሲዘዋወር የሚከተሉትን 100 አጃቢ ባላባቶች ነው። ጎነሪል 50ውን ትቀንስበታለች፤ ሪጋን ደግሞ ከ25 በላይ አላስገባም ትላለች። በዚህ ጊዜ ሊር ወደ ጎነሪል ዞሮ፣ 50 የ25 እጥፍ ስለሆነ ፍቅሯም የእኅቷ እጥፍ መሆኑን ይነግራታል። ተውኔቱን በስሜቱ ብቻ የሚከተል አንባቢ ይህን ዐረፍተ ነገር በቀላሉ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ፍቅርን በንግግር መዝኖ መሬት የሰጠው አባት አሁን በዚያው ሚዛን ላይ ራሱ ተቀምጧል፤ ሚዛኑ ግፍ መሆኑን ከማየት ይልቅም የከበደውን ወገን ይመርጣል። ከቁጥር ወጥቶ ስለ ሰው ልጅ ፍላጎት መናገር የሚጀምረው ሪጋን «አንድስ ቢሆን ለምን ያስፈልጋል?» ካለችው በኋላ ብቻ ነው። የተውኔቱ ፍጻሜ ለተመልካች ምን ያህል ከብዶ እንደ ነበር ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ኔሐም ቴት እ.ኤ.አ. በ1681 ኮርዴሊያን ከሞት አድኖ ለኤድጋር የዳረበትን የተለወጠ ተውኔት ያስታውስ፤ የእንግሊዝ መድረክ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በዚያው ረክቶ ኖሯል።

ጎሪዮ የሊር ዘመድ ነው ቢባል ስሕተት የለውም፤ ልዩነታቸው የወጣው በአራተኛው ዓምድ ነው። ሊር በአደባባይ ሰጠ፤ ጎሪዮ በስውር ይሰጣል። በዱቄትና በፓስታ ንግድ የከበረው ይህ አባት አናስታዚንና ዴልፊንን በከፍተኛ ጥሎሽ ከዳረ በኋላ በማዳም ቮኬ አዳሪ ቤት ይኖራል፤ ገንዘቡ ባለቀ መጠንም ከደኅናው ክፍል ወደ ርካሹ፣ ከታችኛው ፎቅ ወደ ላይኛው ይወጣል። የብር ዕቃዎቹን በሌሊት እየጠመዘዘ ይሸጣል፤ ልጆቹንም ለማየት ሰረገሎቻቸው በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ሲሞት ከሁለቱ ቤቶች ለቀብሩ የመጡት አርማ የተሣለባቸው ባዶ ሰረገሎች ብቻ ናቸው፤ የቀብሩን ወጪ የቻሉት ራስቲኛክና ቢያንሾን የተባሉት ተማሪዎች ናቸው።

ባልዛክን ከስብከት ያዳነው ከዚህ ታሪክ አጠገብ ያኖረው ሌላ ስጦታ ነው። ራስቲኛክ በፓሪስ ከታላላቆቹ ጋር ለመቀራረብ የሚሆነውን ልብስ ለማሠራት ሲል በገጠር ካለች እናቱና ከእኅቶቹ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እናቱ ጌጧን ትሸጣለች፤ እኅቶቹም ያጠራቀሙትን በደስታ ይጨምራሉ። ስለ ጎሪዮ ልጆች ጭካኔ የሚያዝነው ወጣት በራሱ ቤተሰብ ዘንድ እንደ እነርሱ ተቀባይ ነው። እነዚህን ሁለት ስጦታዎች አንዱን ከሌላው በታች ስጽፋቸው መጽሐፉን የክፉ ልጆች ታሪክ አድርጎ ማንበብ አልተቻለኝም፤ ደግ ልብ ያለው ተቀባይ እንኳ የሰጪውን እጅ ባዶነት ለማየት ጊዜ እንደማያገኝ የሚያሳይ ሆኖ አገኘሁት።

ሁለተኛው ስብስብ ልጅና አባት ሳይተዋወቁ የሚገናኙባቸው ጥንታውያን ታሪኮች ነበሩ። ፊርዶውሲ እ.ኤ.አ. በ1010 በፈጸመው «ሻህናሜህ» ውስጥ ጀግናው ሮስታም ወንድ ልጅ ከወለደች በክንዱ እንድታስርለት ለታህሚኔህ ዕንቍ ትቶላት ይሄዳል። ልጁ ሶህራብ አድጎ አባቱን ፍለጋ ይወጣል፤ በጦር ሜዳ ሲገናኙና ሮስታም አንተ ነህን ብሎ ሲጠይቀው ሮስታም ስሙን ይክዳል፤ ዕንቍው የሚታየው ልጁ በአባቱ እጅ ለሞት ከቆሰለ በኋላ ነው። በ«ክብረ ነገሥት» ደግሞ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ቀለበት ይሰጣል፤ ልጃቸውም አባቱን ለማየት ሲሄድ ቀለበቱን ይዞ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ቀለበቱ ብዙ የሚሠራው ነገር አልነበረም፤ ያዩት ሁሉ በመልኩ ያውቁታል፤ ንጉሡም አባቱን ዳዊትን እንደሚመስል ይመሰክራል። የዚህ ታሪክ ክብደት ከዚያ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው፤ አባትየው አብሮት እንዲኖር ልጁን ይለምነዋል፤ መንግሥቱንም ያቀርብለታል፤ ልጁ ግን ለእናቱ በገባው ቃል ጸንቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። የሚለምነው ንጉሥ፣ አልቀበልም የሚለው ልጅ የሆነበት እንዲህ ያለ ስፍራ በሌሎቹ ድርሰቶች ውስጥ አላገኘሁም፤ በዚህ ዓይን ለምን ብዙ እንደማይነበብም ይገርመኛል።

ከዚህ ስብስብ አብልጬ የወደድሁት የ«ኦዲሴይ» 24ኛ መጽሐፍ ነው። ኦዲሴዩስ ከ20 ዓመት በኋላ ሽማግሌ አባቱን ላኤርቴስን በአትክልት ቦታው ሲኮተኩት ያገኘዋል፤ ማንነቱንም ወዲያው ከመግለጥ ይልቅ እንግዳ መስሎ ይፈትነዋል። ሆሜር ይህን ጭካኔ ለምን እንደ ፈቀደለት እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም። ላኤርቴስ ምልክት ሲጠይቅ ልጁ መጀመሪያ በወጣትነቱ ከርከሮ ወግቶት የቀረውን ጠባሳ ያሳየዋል፤ ቀጥሎም ትንሽ ልጅ ሳለ አባቱን በአትክልቱ መካከል እየተከተለ ሲጠይቅ የተሰጡትን ዛፎች ይቆጥርለታል፦ 13 የፒር፣ 10 የፖም፣ 40 የበለስ ዛፎችና 50 ረድፍ ወይን። ጠባሳውን ያሳደገችው ዩሪክሊያም አይታ አውቃዋለች፤ የዛፎቹን ቁጥር የሚያውቁት ግን ሰጪውና ተቀባዩ ናቸው። ከሊር በኋላ በቤተሰብ መካከል የሚነሣን ቁጥር ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀምሬ ነበር፤ ይህ ክፍል ግን ልጅ የተሰጠውን ቆጥሮ መያዙ የማስታወስ ሁሉ የመጨረሻ ደረጃ ሊሆን እንደሚችል አሳየኝ። ማን ቆጠረ የሚለው ጥያቄ ስንት ተቆጠረ ከሚለው ይበልጣል።

በ«ኢሊያድ» 24ኛ መጽሐፍም ዝርዝር አለ። የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም የልጁን የሔክተርን አስከሬን ለመቤዠት በሌሊት ወደ አኪልስ ድንኳን ገብቶ ልጆቹን የገደሉትን እጆች ይስማል፤ የራስህን አባት አስብ ብሎም ይማጸነዋል። የቤዛው ዕቃ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል፤ ልብሱ፣ ምንጣፉ፣ 10 ታላንት ወርቁ፣ ድስቱና ዋንጫው። ከዚህ ሁሉ መካከል ሁለት መጎናጸፊያና አንድ ቀሚስ ሳይወሰዱ ይቀራሉ፤ አስከሬኑ የሚጠቀለልባቸው ናቸው። በቤዛው ዝርዝር ላይ ዐይኑን ያልጣለ አንባቢ ይህችን ነገር አያያትም፤ አባት ለገዳዩ ከሰጠው ነገር ጥቂቱ ተመልሶ ለልጁ መድረሱ ግን ከፕሪያም ልመና የማይተናነስ ኀይል አለው።

እስከዚህ ድረስ ሰጪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወላጆች ናቸው። ልጆች ወላጆቻቸውን የሚመግቡባቸውን ድርሰቶች ለብቻ አወጣሁ፤ ከእነርሱም የዲከንስ «ትንሿ ዶሪት» እና የካፍካ «ሜታሞርፎሲስ» እጅግ ተቀራረቡልኝ። ኤሚ ዶሪት አባቷ በዕዳ በታሠረበት በማርሻልሲ ወኅኒ ቤት ተወልዳ አድጋ፣ በውጭ ስፌት እየሰፋች ምግብ ታመጣለታለች፤ አባትየው ግን ልጁ ሠርታ የምታበላው መሆኑን እንደማያውቅ ሰው ሆኖ ይበላል። ቤተሰቡ በሙሉ ይህን ማስመሰል ይጠብቃል። እዚህ ላይ አራተኛው ዓምድ ልዩ መልክ ያዘ፤ ሁሉም እያየ እንዳላየ የሚሆንበት ስጦታ ነውና። ግሬጎር ሳምሳም የቤተሰቡን ዕዳ ለመክፈል በተጓዥ ሻጭነት ይደክማል፤ ወደ ተባይ ከተለወጠ በኋላ ግን አባቱ ከወደቀው ንግዱ የተረፈና እርሱም ካመጣው ያልወጣ ገንዘብ ሸሽጎ እንደ ነበር በበር ሥር ሆኖ ይሰማል። የሚያስገርመው ግሬጎር በዚህ መደሰቱ ነው፤ ያ ገንዘብ ዕዳውን አቅልሎ ከዚያ ሥራ ቀደም ብሎ ሊያወጣው ይችል እንደ ነበር እያወቀ የአባቱን ጥንቃቄ ያመሰግናል። ካፍካ በዚህ ቦታ አንድም የምሬት ቃል አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገውም።

ስለ እነዚህ ሁለት ደራስያን አንድ የአነባበብ ልማድ ያዝሁ። የዲከንስ አባት እ.ኤ.አ. በ1824 በዚያው በማርሻልሲ በዕዳ ታስሮ እንደ ነበር፣ የ12 ዓመቱ ቻርልስም በጫማ ቀለም ፋብሪካ ይሠራ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ካፍካም እ.ኤ.አ. በ1919 ለአባቱ ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ደብዳቤው ሳይደርስ ቀርቷል። እነዚህን ነገሮች አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ልብ ወለዱን እንደ ምስክርነት ቃል ያነብበዋል፤ ሚስተር ዶሪትን ባየ ቁጥር ጆን ዲከንስን ይፈልጋል። ስለዚህ የደራሲውን ሕይወት የምመለከተው ዓምዶቹ ከተሞሉ በኋላ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሲሄድ የሕይወት ታሪኩ ጥያቄ ይጨምራል እንጂ ድርሰቱን አይዘጋም፤ ለምሳሌ ዲከንስ አባቱ ከወኅኒ ከወጣ በኋላ እናቱ በፋብሪካው ሥራ እንዲቀጥል መፈለጓን ፈጽሞ አልረሳውም፤ በ«ትንሿ ዶሪት» ግን የኤሚን እናት ገና በመጀመሪያ እንድትሞት አድርጎ ከታሪኩ አስወጥቷታል።

አልቀበልም የሚሉ ልጆችም አሉ። በቱርጌኔቭ «አባቶችና ልጆች» (እ.ኤ.አ. 1862) የባዛሮቭ አባት፣ ልጁ ከሚያስፈልገው በላይ አንዲት ሳንቲም ወስዶበት እንደማያውቅ ለአርካዲ በኩራት ይናገራል። ከኩራቱ ሥር ያለው ኀዘን የሚሰማው ባዛሮቭ ከሦስት ዓመት በኋላ መጥቶ በሦስተኛው ቀን ሲሄድ ነው፤ ምንም የማይወስድን ልጅ ምን ይዞ ያስቆዩታል? በጄን ኦስተን «ኩራትና ጥላቻ» (እ.ኤ.አ. 1813) ደግሞ የሚሰጠው የሌለው አባት አለ። ሚስተር ቤኔት ወንድ ልጅ ይወለዳል፣ ርስቱን ለወንድ ወራሽ ብቻ የሚያስተላልፈው እገዳም በእርሱ ይፈታል በሚል ተስፋ ለአምስት ሴቶች ልጆቹ አንዳች ሳያስቀምጥ ዕድሜው ሄዷል፤ ለኤልሳቤጥ የሰጣት ቀልዱንና መውደዱን ነው። አንባቢዎች ይወዱታል፤ እኔም እወደዋለሁ፤ በዓምዶቼ ላይ ግን ረድፉ ባዶ ነው፤ የሊድያን ትዳር በገንዘቡ ያስተካከለው ዳርሲ መሆኑን ሲሰማም ከመክፈል በመዳኑ ደስ ይለዋል።

ዘዴው የማያየው ነገርም አለ። የማይተላለፍ ነገር በዓምዶቹ አይያዝም፤ «አና ካሬኒና»ን ሳነብ ይህ ክፉኛ ተሰማኝ። አና ለልጇ ለሰርዮዣ ልደት መጫወቻዎች ገዝታ ወደ ተከለከለችበት ቤት በስውር ትገባለች፤ ልጁን ታገኘዋለች፤ ነገር ግን ጥቅሉን ሳትፈታው ይዛው ትመለሳለች። በመዝገቤ ላይ ምንም አልተሰጠም፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን ከተሰጡት ሁሉ የሚከብደው ያ ጥቅል ነው። ከዚህ በኋላ ታስቦ ላልተሰጠ ነገር አምስተኛ ዓምድ ጨመርሁ። በዘር ሐረጉም ላይ ለአገልጋዮች ቦታ አበጀሁ፤ ምክንያቱም በ«ካራማዞቭ ወንድማማቾች» ፊዮዶር ፓቭሎቪች ሕፃኑን ዲሚትሪን ረስቶት ሳለ ያነሣው አገልጋዩ ግሪጎሪ ነው፤ አባትና ልጅ በኋላ በ3,000 ሩብል ሲጣሉ ያን አስተዳደግ በሒሳብ የሚያነሣው የለም። የሊርን ልጆች እናት ደግሞ በመላው ተውኔት ውስጥ ፈልጌ ያገኘኋት መቃብሯ በሚጠቀስበት አንድ ቦታ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ያነበብኋቸው ልጁ ራሱ የሚሰጥባቸውን ሁለት ድርሰቶች ነው፤ ሁለቱም በየራሳቸው አቆጣጠር 1958 የታተሙ መሆናቸው ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው «Things Fall Apart» በተባለው ልብ ወለድ ኢኬሜፉና የተባለው ልጅ ለተፈጸመ ግድያ ካሣ ሆኖ ከመንደሩ ይወሰዳል፤ በኦኮንኮ ቤት ሦስት ዓመት ኖሮ ኦኮንኮን አባቴ ማለት ሲለምድ እንዲገደል ይወሰናል፤ ኦኮንኮም ደካማ እንዳይባል ራሱ ይመታዋል። ኦኮንኮ ከአባቱ ከኡኖካ ጎተራ አልወረሰም፤ ለዘር የሚሆነውን ያም የተባለ የሥራ ሥር ተክል ከሌላ ሰው ተበድሮ ነው እርሻውን የጀመረው። ባዶ እጁን ያደገ ልጅ ለራሱ ልጅ ለንዎዬ ያስተላለፈው ፍርሃትን ሆነ፤ ንዎዬም ከኢኬሜፉና ሞት በኋላ በልቡ ከአባቱ ተለየ።

በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ስጦታው ስለት ነው። ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ ልጃቸው በዛብህ በሕይወት እንዲኖርላቸው ለእግዚአብሔር ይሰጡታል። ሰጪዎቹ ወላጆች፣ ተቀባዩ እግዚአብሔር፣ የሚከፍለው ግን ሳይጠየቅ የተሰጠው ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ዕዳው ይጠየቃል። ስለዚህ መጽሐፍ ሲነገር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዘር ኩራታቸውን ይዘው ልጃቸውን ለማንም አልሰጥ ባሉት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ይወድቃል፤ እርሳቸውም ፍርዱ ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱን ቤቶች በአንድ ገጽ ላይ ስጽፋቸው፣ ሰብለን ያሠራት የአባቷ አለመስጠት፣ በዛብህን ያሠረው ደግሞ የወላጆቹ መስጠት ሆኖ ወጣ፤ የበዛብህም ማሠሪያ በፍቅር የተገመደ ስለሆነ ሊጠላው አልቻለም። ፊታውራሪ መሸሻን ተቃውሞ መጥፋት ይቻላል፤ የእናትን ስለት ተቃውሞ ወዴት ይኬዳል?

በዚህ መንገድ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ከረጃጅሞቹ ልብ ወለዶች እንዲነሣ አልመክርም። የ«ንጉሥ ሊር»ን የመጀመሪያ ትዕይንትና የ«ኢሊያድ»ን 24ኛ መጽሐፍ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ዓምዶቹን በእነርሱ ላይ ቢለማመድ ይበቃዋል፤ ዶስቶየቭስኪና ባልዛክ የገንዘብ ዝርዝራቸው ብዙ ስለሆነ ያልለመደን እጅ ያደክማሉ። ሁለተኛውን ንባብ ከመጀመሪያው ጋር ለማደባለቅ መሞከርም አያዋጣም፤ ታሪኩን ለማወቅ የሚቸኩል አንባቢ ዛፎቹን አይቆጥርም።